ሚኪ ማውስን ለማየት ስንት ያስፈልጋል?

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ አጠገብ በሩን የከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ጊዜ የአንድ አዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ከገቡ በኋላ ለየመጫወቻው ሌላ ትኬት ይቆረጣል። ያ መግቢያ በዛሬው የዶላር አቅም ሲሰላ 27 ዶላር ገደማ ይሆናል። በ2025 የገና ሰሞን ግን በዚያው ፓርክ፣ በማጂክ ኪንግደም፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ለመዋል 199 ዶላር ተጠይቋል፤ ያውም ግብሩ ሳይጨመር። ለልጆች የሚቀነሰው ጥቂት ዶላር ብቻ ስለሆነ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ምሳ ሳይበሉ፣ አልጋ ሳይዙ ወደ 800 ዶላር ይጠጋሉ።

እንዲያም ሆኖ ፓርኩ ሰው አይጠፋበትም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድርያ ወይም በአትላንታ የሚያድግ የአበሻ ልጅ የክፍል ጓደኞቹ የሚኪን ጆሮ አድርገው የተነሱትን ፎቶ ያያል። ቤት ሲገባ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ እምቢ ማለት ለወላጅ ከባድ ነው፤ በተለይ እኔ ያላገኘሁትን ልጄ ያግኝ ብሎ ሌት ተቀን ለሚሠራ ወላጅ። ከዚያ ክሬዲት ካርዱ ይወጣል። ሌንዲንግትሪ የተባለው ኩባንያ በ2024 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት፣ ከ18 ዓመት በታች ልጆች ኖሯቸው ዲዝኒ ከሄዱ ወላጆች 45 በመቶዎቹ ለጉዞው ሲሉ ዕዳ ገብተዋል። ዕዳ የገቡት ሰዎች በአማካይ ወደ 2,000 ዶላር ተበድረዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሒሳቡ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቦታውን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ቀኑን ይቆርጣል፣ ትኬቱንና አልጋውን ይይዛል፣ ገንዘቡን የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ለአቅም የሚመጥን ጉዞ የሚገኘው ግን በተገላቢጦሽ ሲታሰብ ነው። መጀመሪያ የገንዘቡ መጠን፣ ቀጥሎ የቀኑ ብዛት፣ ከዚያ ወቅቱ፣ ፓርኩ መጨረሻ።

መጠኑን ለመወሰን የአበሻ ቤተሰብ የራሱ ሒሳብ አለው። የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ አለ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች በየወሩ የሚላክ አለ፣ ድንገት የሚመጣ ለቅሶና ሠርግም አለ። ከእነዚህ ላይ ተነስቶ ሚኪ ዘንድ የሚሄድ ገንዘብ ሲመለሱ ጸጸት ያመጣል። እዚህ ላይ እቁብ ትልቅ ነገር ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው በሥራ ቦታ፣ በጓደኛሞችና በዘመዳሞች መካከል የሚጣል እቁብ ብዙ ነው። አንዱን ዙር ለልጆች ጉዞ ብሎ መግባት ወለድ የለበትም፤ የሚጣለውም ገንዘብ ከመነሻው የተቆረጠ ስለሆነ ልክ ያበጃል። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅ እንጂ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ለዳኛው ነግሮ ተራ መለዋወጥ በእቁብ የቆየ ልማድ ነው።

ወቅቱ ከምንም በላይ ዋጋ ይቀይራል። ዲዝኒ ወርልድ ከ2018 ጀምሮ ትኬቱን የሚሸጠው እንደ ቀኑ ነው፤ ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ይወደዳል፣ ሲቀንስ ይረክሳል። በ2025 ርካሹ የአንድ ቀን ትኬት፣ የዲዝኒ ወርልድ ሌላ ፓርክ በሆነው በአኒማል ኪንግደም፣ 119 ዶላር ነበር። ውዱ በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያለው ሳምንት ነው። የትንሣኤና የስፕሪንግ ብሬክ ሰሞንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዋጋው ወረድ የሚለው ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ነው፤ የእኛ እንቁጣጣሽ የሚውለው እዚያ መሀል ነው። ጥር መጀመሪያ ላይም የፈረንጆቹ በዓል አልፎ፣ የእኛ ገና በዋለ ማግስት ገበያው መብረድ ይጀምራል። ሴፕቴምበር የራሱ ጣጣ አለው፦ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር የሚዘልቀው የአውሎ ነፋስ ወቅትም የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር የሚሄድ ሰው ገንዘብ የሚመልስ አልጋና የሚቀየር የአውሮፕላን ትኬት ይያዝ።

ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ላሏቸው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ርካሹን ሳምንት መምረጥ ይችላሉ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በነጻ ይገባል። ልጁ ሦስተኛ ዓመቱን ከመድፈኑ በፊት መሄድና ከደፈነ በኋላ መሄድ በአንድ ሙሉ ትኬት ይለያያሉ። 10 ዓመት የሞላው ልጅም የሚከፍለው እንደ አዋቂ ነው። የልደት ቀንን ከጉዞው ቀን ጋር አስተያይቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የቀኑን ብዛት በተመለከተ የሚያዘናጋ ነገር አለ። ትኬት የሚገዛው ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ቀን ሲሆን የየቀኑ ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አራተኛውና አምስተኛው ቀን በጥቂት ዶላር የሚገኙ ይመስላሉ። ቀኑ ግን ከትኬቱ ሌላ ወጪ አለው። ከዲዝኒ ሆቴሎች ውጭ ላረፈ ሰው የመኪና ማቆሚያው በ2025 በቀን 30 ዶላር ነበር። አልጋው፣ ምግቡ፣ ልጆቹ የሚለምኑት መጫወቻም ይጨመራል። በተለይ ኡበር ለሚነዳ፣ በሰዓት ለሚከፈለው የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ የዓመት ፈቃድ ለሌለው የሆም ኬር ሠራተኛ አምስተኛው ቀን ያልተሠራ ቀን ነው። በቀን 200 ዶላር ይዞ የሚገባ ሹፌር በትኬቱ ላይ 20 ዶላር አተረፍኩ ብሎ ሲቆይ 200ውን ከኪሱ አውጥቷል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ በሙቀት ከዋሉ በሦስተኛው የሚፈልጉት መዋኛ ገንዳ ነው። ሁለት ቀን ፓርክ፣ አንድ ቀን ገንዳ ዳር ማረፍ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል።

ከመነሳት በፊት መደረግ ያለበት ሌላ ነገር ሜትር ይዞ ልጁን ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ነው። ጫማውን እንዳደረገ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ መጽሐፍ አናቱ ላይ ይደረግ፣ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ከመጫወቻዎቹ መካከል የሰቨን ድዋርፍስ ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122። በዩቲዩብ ስፔስ ማውንቴንን ለወራት ሲያይ የከረመ የ5 ዓመት ልጅ መግቢያው ላይ ካለው መለኪያ በሁለት ጣት ቢያንስ አይገባም፤ ሠራተኛው ቢለመንም አይፈቅድም። ቤት ውስጥ የተለካ ልጅ ምን እንደሚጫወት አውቆ ይሄዳል። ለመለኪያው ጥቂት የቀረው ከሆነም ጉዞውን በዓመት ማዘግየት የተሻለ ነው፤ ያው ገንዘብ ብዙ መጫወቻ ይከፍትለታል።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ዲዝኒ ወርልድ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ከሚከለከሉት መካከል የጠርሙስ ዕቃ፣ አልኮልና የተበተነ በረዶ ይገኙበታል። ስለዚህ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ በፎይል የተጠቀለለው ድፎ ዳቦ፣ በፕላስቲክ ሣህን የታሸገው ደረቅ ፍርፍር ሁሉ ይገባል። አዋዜው ግን ከብርጭቆ ማሰሮ ወደ ፕላስቲክ ይገልበጥ። ውሃ መግዛትም አያስፈልግም፤ መጠጥ የሚቀዳባቸው የፈጣን ምግብ ቤቶች በረዶ ያለበት ውሃ በነጻ ይሰጣሉ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ወይም በዐቢይ ጾም ለሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ የምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት አለ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ማለት ነው።

ማረፊያውን ብዙዎች ዲዝኒ ወርልድ አጠገብ ባለችው በኪሲሚ ከተማ ይመርጣሉ። ወጥ ቤት፣ ሦስትና አራት መኝታ ቤት፣ ትንሽ ገንዳ ያለው ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ቤተሰብ ተካፍሎ መከራየት ከየብቻ ሆቴል ይረክሳል። ልጆቹም ከአክስት ልጆች ጋር ያድራሉ፤ ለብዙ ልጆች ከሚኪ ይልቅ ትዝ የሚላቸው ይህ ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ቤተሰብ ኦል ስታር የሚባሉት የዲዝኒ ርካሽ ሆቴሎችም ሊታሰቡ ይገባል። የመኪና ማቆሚያና ወደ ፓርኮቹ የሚወስድ አውቶቡስ በነጻ ነው፣ ከሌላው ሰው በግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባትም ይቻላል።

በኪሲሚ መንገድ ዳር «ርካሽ የዲዝኒ ትኬት» የሚሉ ሱቆች ይታያሉ። ከጀርባቸው ብዙ ጊዜ ያለው ታይምሼር ነው፦ የእረፍት ቤትን በዓመት ለአንድ ሳምንት የመጠቀም መብት የሚሸጥበት ውል። ትኬቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን የሻጭ ንግግር መስማት ግድ ይላል፤ ሻጮቹ የሠለጠኑ ናቸው፣ ውሉም ለዓመታት የሚያስከፍል ነው። ተታሎ የፈረመ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የፍሎሪዳ ሕግ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማፍረስ ይፈቅድለታል።

ከዋሽንግተን ኦርላንዶ 850 ማይል ገደማ ነው። በአይ-95 ሳያርፉ ቢነዱ 13 ሰዓት አይሞላም፤ ከልጆች ጋር ግን መሀል መንገድ ማደር ይሻላል። አምትራክ መኪናንም ሰውንም ጭኖ ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ ወደ ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ሌሊቱን የሚወስድ ባቡር አለው። ለአራትና ለአምስት ሰው ሲሰላ ግን ብዙ ጊዜ የሚረክሰው የራስ መኪና ነው።

ፓርኩ ውስጥ ሰልፍ መዝለያም ይሸጣል። ከ1999 ጀምሮ ፋስት ፓስ የሚባለው በነጻ ነበር፤ በ2021 በሚከፈልበት ተተካ፣ አሁን ላይትኒንግ ሌን ይባላል። የማይከፍል ቤተሰብ በሩ ከመከፈቱ በፊት ይድረስ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚገኘው ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ሕፃን የያዙ ወላጆች ደግሞ ራይደር ስዊች የሚባለውን ይጠይቁ፦ አንዱ ሲጫወት ሌላው ሕፃኑን ይይዛል፣ ከዚያ ያለ ረጅም ሰልፍ ይለዋወጣሉ። ክፍያ የለውም።

ይህ ሁሉ ተሰልቶ ገንዘቡ ካልደረሰ ቅርብ ያለውን ማየት ነው። ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ፣ ሁለቱም በ1975 የተከፈቱ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ናቸው። ኪንግስ ዶሚኒየን ከዋሽንግተን 75 ማይል ያህል ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል፤ የዓመት ትኬቱም ደጋግሞ ለሚሄድ ያዋጣል። ፔንስልቬኒያ ያለው ኸርሺፓርክ በ1906 የተመሠረተው ለቸኮሌት ፋብሪካው ሠራተኞች መዝናኛ ተብሎ ነው። ዛሬም የልጆቹ ቁመት የሚመደበው በቸኮሌትና በከረሜላ ስም ነው፤ አጠገቡ ያለው ቸኮሌት ዎርልድ የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ቸኮሌት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ጉዞም በነጻ ነው።

ለአበሻ ቤተሰብ በጣም የሚመቸው ግን ኖቤልስ ሳይሆን አይቀርም። ኤሊስበርግ፣ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ከ1926 ጀምሮ ያለ ፓርክ ነው። መግቢያውም የመኪና ማቆሚያውም በነጻ፤ የሚከፈለው ለሚጫወቱበት ብቻ ነው። ከአገር ቤት ልጅ ልትጠይቅ የመጣች አያት ዲዝኒ ብትሄድ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ጋሪ ብትጠብቅም የአዋቂ ሙሉ ትኬት ይቆረጥላታል። ኖቤልስ ግን ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የልጅ ልጆቿን በፈረስ ሲዞሩ ታያለች፣ አምስት ሳንቲም አትከፍልም።

ወላጆች ልጆቻቸውን አንድ ማታ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጧቸውና የተመደበውን ገንዘብ በግልጽ ይንገሯቸው። የ8 ዓመት ልጅ «ያለን ይህን ያህል ነው፤ ሁለት ቀን ኦርላንዶ ወይስ በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ ኪንግስ ዶሚኒየን?» ተብሎ ሲጠየቅ ይገባዋል፣ መምረጥም ይችላል። የመረጠውን ጉዞ ደግሞ በቁሳቁስ ልመና አያበላሸውም። ኦርላንዶ የትም አይሄድም፤ እቁቡ ዘንድሮ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት እንጂ በክሬዲት ካርድ አትሂዱ።