ክሮከስ ለደብረ ታቦር?

የካቲት ሲያልቅ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የክሮከስ ፎቶ ይለጥፋሉ። በረዶው ገና ሳይቀልጥ ከመሬት ብቅ ያለች ሐምራዊ ወይም ቢጫ አበባ ናት። በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ መሬቱ ደርቆ አቧራ ነው፤ «ሥሩን ልላክልሽ፣ ደብረ ታቦርም ብርድ አይደል?» የሚሉም አልጠፉም።

ብርድስ ብርድ ነው። ከተማችን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ይዘላል። ነገር ግን የእኛ ብርድ የሌሊት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ረፋዱ ላይ ጋቢያችንን አውልቀን ጥላ እንፈልጋለን። ክሮከስ ለሳምንታት የማይለቅ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ያንን ካጣ ቅጠል ያወጣና አበባውን ይነፍጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አክርመው የሚያታልሉት አሉ። መብራት እንደልብ በማይገኝበት አገር ይኼንን አልመክርም።

የሚገርመው ግን ክሮከስን የምትመስል አበባ በደጋችን መኖሯ ነው። ኮልቺከም ሺምፔሪያነም ይሏታል። ግንድ ሳታወጣ፣ አፈሩን ታክካ የምታብብ ፈዛዛ አበባ ናት፤ ባሕሩን ተሻግራ የመን ተራሮች ላይም ትገኛለች። ስሟ የጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ የቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሰውየው ትግራይ ገብቶ እዚያው አርጅቶ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ አረፈ፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በተሠራባት በጎረቤታችን ጋፋትም ዕፅዋት ለቅሟል። ከክሮከስ ለመለየት አበባውን ከፈት አድርጎ ማየት ነው፤ ክሮከስ ሦስት የወንዴ ዘንግ አለው፣ ኮልቺከም ስድስት። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከክሮከስ ወገን አንዱ ውዱን የሳፍሮን ቅመም ይሰጣል፤ የኮልቺከም ወገን ግን ኮልቺሲን የተባለ መርዝ አለው። ሐኪም በልኩ ለሪህ ያዘዋል፣ ያለ ልክ የቀመሰ ይሞታል። ልጆችና ጥጆች ባሉበት ግቢ ተክሉልኝ አልልም።

የእኔ ሐሳብ ወደ አደይ ያደላል። ዘመዶቻችን ባሉበት አገር አበባን የሚቀሰቅሰው የብርዱ ማለፍ ነው፤ እኛ ዘንድ የዝናቡ መቅለል። አደይ ክረምቱን ሙሉ ሣር መስላ ታድግና መስከረም ሲጠባ ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ቢጫ ታለብሰዋለች። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ለአበባ ሰጥታለች። የሚተክላት የለም፤ ማሳ ውስጥ ከተገኘች እንዲያውም አረም ተብላ ትነቀላለች። የቀራት ድንበሩ፣ የመንገዱ ዳርና የአጥሩ ሥር ነው፤ ድንበሩም ከዓመት ዓመት እየታረሰ ይቀጥናል።

ስለዚህ ግቢ ያላችሁ፣ ለመስቀል ብላችሁ ሁሉንም አትጨዱ። አጥር ሥር ያለችውን ተዉአት፤ አበባው ረግፎ ዘሩ ጠቁሮ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ አገዳውን እዚያው አራግፋችሁ ለከብት ስጡ። ለከርሞ ዝናቡ ራሱ ያበቅላታል።