በይጁቤ ስለ ታየው ነብር

ለዳኝነት ሥራ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በወረድን ጊዜ ያየነው ነገር ለወላጆችም ለልጆችም የሚጠቅም ሁኖ ስለ አገኘነው ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ምድሪቱ እያዘቀዘቀች ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ያያል። በጥንት ዘመን የዓባይ ማዶ ነጋዴ ቡናውንና ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ ወደ ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛም በ1830ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን አይቶ ጽፎለታል። ነጋዴ በወጣበት ገደል ግን አውሬም ይወጣል።

ባደርንበት ቤት ያለው ትንሽ እረኛ ፍየል ጠፍቶበት እያለቀሰ ገባና «ነብር ወሰደብኝ» አለ። ትልልቆቹ «ነብር በቆላው ነው እንጂ በዚህ ከወዴት ይመጣል? ጅብ አይተህ ነው» ብለው ሳቁበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ከወንዙ ዳር ወስደው በጭቃው ላይ ያለውን ዳና አሳዩንና «ጌቶች ሆይ፣ ጅብ ቢሆን ጥፍሩ በታተመ ነበር፤ ነብር ግን ጥፍሩን ሰብስቦ ይረግጣል። ልጁ እውነቱን ነው» አሉን። እኛም አፈርን። ሥራችን መዝገብ መጻፍ ነውና፣ በመዝገብ ያልገባውን ሁሉ የለም ማለት ልማድ ሁኖብናል።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በቋራ፣ በሱዳን ወሰን ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ሲቋቋም ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንበሳ እንዳለበት ግን በሊቃውንት ዘንድ አልተረጋገጠም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዶክተር ሃንስ ባወር ከባልደረቦቹ ጋራ ዳናውን አገኘ፤ በዱር የተተከለው ካሜራም አንበሶቹን አነሣ። አንበሶቹ ያን ቀን አልመጡም፤ የዘገየው ጽሕፈቱ ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሞሃውክ የተባለ አንበሳ ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ወጥቶ በኬንያ በኢሲኒያ አጠገብ ተገኘ። ሕዝቡ ሊያየው ከበበው፤ እርሱም ተቈጥቶ አንድ ሰው አቈሰለ። አስቀድመው የደረሱት ጠባቂዎች የሚያስተኛ መድኃኒት አልያዙም ነበርና ተኩሰው ገደሉት። መድኃኒቱ ቢኖርም እንኳ አውሬውን ወዲያው አይጥለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያች ደቂቃ ሕዝብ የከበበው እንደ ሆነ ጥፋት አይቀርም።

ስለዚህ አውሬ ባልታወቀበት አገር በታየ ጊዜ ልጆችንና ከብቱን ማስገባት፣ ለአውሬው መሄጃ መተው፣ ለዱር አራዊት ጠባቂዎች ፈጥኖ ማስታወቅ ይገባል። ሹሙም ከጠመንጃው በፊት መድኃኒቱንና የእንስሳት ሐኪሙን ያስከትል፤ ፍየሉ የተበላበትንም ድኻ በትዕግሥት ይስማው። የሚሰማው ያጣ ሰው በሥጋ ላይ መርዝ ይነሰንሳል፤ መርዝም ነብሩን ብቻ ሳይሆን አሞራውንና የቤቱን ውሻ ይፈጃል።

ከይጁቤ ሳንነሣ እረኛውን ጠርተን ያየውን ሁሉ ጠየቅነው። ቃሉንም ከነቀኑና ከነስፍራው ጽፈን ለሚመለከተው ሹም ሰደድን። ልጁ ብዕራችንን እየተመለከተ «ዛሬስ አመናችሁኝ?» አለን።