«ካርዱ ነው» ያልኩበት ቀን

ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ዶሮ ወጥ ብቻ አይደለም። የማይነሳ ላፕቶፕ፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር፣ መክፈቻው የተረሳ ስልክ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ቤተሰብ «ታዲያ እዚያ ምን ስትማር ከረምክ?» ይላል። እኔም «አላውቅም» ማለት አቅቶኝ የሠራሁትን ጥፋት ነው በዚህ ጽሑፍ የማጫውታችሁ። ከጥፋቱ ውስጥ ለሙያችን የሚሆን ነገር ስላገኘሁበት እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ኮን ገባሁ። ኮን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወልዲያ ተነስቶ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት አውራ ጎዳና ያልፍባታል። ደጋ ስለሆነች ግንቦትም ገብቶ ጠዋት ጠዋት ጋቢ አይጣልም። ዋድላን ከከተማዋ ይልቅ የሚያውቋት የቅኔ ሰዎች ናቸው፤ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ እየተባሉ ከሚጠሩት የቅኔ ቤቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚችው አገር ነው።

አጎቴም በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔውን ሳይጨርስ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባና በመጨረሻ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ። ቤቷ ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ አለ። ማመልከቻ፣ የውል ወረቀት፣ የሰርግ ጥሪ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ዴስክቶፑ ግን ከተገዛ ጀምሮ ኢንተርኔት ነክቶ አያውቅም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአጎቴ ገበያ ቀዘቀዘ። ልጁ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፈተናው ተላልፎ መቼ እንደሚሰጥ ባልታወቀበት በዚያ ወቅት የድሮ የፈተና ወረቀቶችና መጻሕፍት ከኢንተርኔት ማውረድ ፈለገች። በስልክ አውርዶ በትንሿ ስክሪን ማንበብ ዓይን ያጠፋል። አጎቴም «ለሷም ይሆናል፣ ለደንበኛም አትሜ እሸጠዋለሁ» አለ። በቅያሱ ማዶ ያለው ሆቴል ዋይፋይ ነበረው፤ ባለቤቱም በወር ትንሽ እያዋጣን እንድንጠቀም ፈቀዱ። ኬብል እንዳንስብ በመሐል ጋሪና መኪና ያልፋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ የሽቦ አልባ ኔትወርክ ካርድ መግጠም ግድ ሆነ።

አዲስ አበባ ለዕቃ የሚመላለስ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነበር። የካርዱን ዓይነት ጻፍኩለትና ከመርካቶ በ850 ብር ገዝቶ አመጣልን። ለፎቶ ኮፒ ቤት በዚያ ወቅት 850 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ልጁ ትርፍም የመኪናም አልጠየቀም፤ «ለጋሼ ነው» ብሎ ደረሰኙን ጭምር ሰጠን።

አገጣጠሙን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን ይጠቅማችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ የኃይል ገመዱን ነቀልኩ፤ ከነቀልኩ በኋላ ውስጡ የቀረውን ኃይል ለማፍሰስ የማስነሻ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫንኩ። ጋቢዬን አውልቄ የሳጥኑን ብረት ነካሁ። ሱፍና ጋቢ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እኛን ቢነዝረን ነው፤ ቺፕን ግን ሊገድል ይችላል። የጎኑን ክዳን ስከፍት የዓመታት አቧራ ከፎቶ ኮፒ ቀለም ጋር ተጋግሮ አገኘሁት። እሱን በብሩሽ ጠርጌ ማዘርቦርዱን አየሁ። ካርዳችን የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሆነ በድሮው ረጅም ነጭ የፒሲአይ ማስገቢያ አይገባም፤ ከትንሿ የኤክስፕረስ ማስገቢያ በተጨማሪ ግን በትልቁ የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያም ይሠራል። ከኋላ ያለውን መሸፈኛ ቆርቆሮ አንስቼ ካርዱን ቀጥ አድርጌ ጫንኩት፣ በብሎን አጠበቅኩት፣ አንቴናዎቹን አሰርኩ። እስከዚህ ድረስ እጄ ንጹሕ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካርዱን አላወቀውም፤ ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት እንዲኖር ካርዱ መሥራት አለበት። የታወቀው አዙሪት። ስልኬን በኬብል አያይዤ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። «ተገናኝቷል» አለ። ገጽ ስከፍት ግን አንድ ቀይ ምልክት ያለው ማስጠንቀቂያ መጣ። ዘጋሁት። ደግሜ ብከፍት ያው ነው። «የስልኬ ኔትወርክ ደካማ ነው» አልኩና ተውኩት። በዚያው ኔትወርክ ስልኬ ላይ ድራይቨሩን ሳወርድ ግን ያለ ችግር ወረደ። ይህን ልብ አላልኩም።

ድራይቨሩን ለመምረጥ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን መለያ ቁጥር አየሁ። ካርዱ ላይ የተለጠፈው ስም ማንም ይሁን የቺፑን አምራች የሚናገረው እሱ ነው፤ የአምራቹ ቁጥር 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ፣ 168ሲ ከሆነ አቴሮስ፣ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። የኛው ሪልቴክ ነበር። ፋይሉን ከስልኬ ገልብጬ ጫንኩት። የሆቴሉ ዋይፋይ ብቅ አለ! ምልክቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር። አንቴናው በብረት ሳጥኑና በድንጋዩ ግድግዳ መሐል ተቀብሮ ነበር። ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ሦስት መስመር ሆነ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ተገናኘ። አጎቴ «አብሽር! እንዲህ ነው ልጅ» አለ።

ገጽ ከፈትኩ። ያው ቀይ ማስጠንቀቂያ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳፍረኛል። ካርዱን ሦስት ጊዜ አውጥቼ መለስኩት፣ ድራይቨሩን አጥፍቼ ጫንኩት፣ ማስገቢያውን ቀየርኩ። ፒንግ ስል ከውጭ መልስ ይመጣል፤ መልሱ ከያዝኩት ፍርድ ጋር ስላልገጠመ ችላ አልኩት። ሲመሽ አጎቴ «ምንድን ነው ታዲያ?» አለኝ። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣
«ካርዱ ነው። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡለት» አልኩ።
«እርግጠኛ ነህ?»
«አዎ ጋሼ።»

አጎቴ ወዲያው ስልኩን አንስቶ ለዚያ ልጅ ደወለ። «ሰው አምኖ ብር ሲሰጥህ ዕቃውን አይተህ አትገዛም?» ሲለው እሰማለሁ። ልጁ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ዝም ያለ ይመስለኛል። ስልኩ ሲዘጋ ሆዴ ተገላበጠ፤ ግን ምንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ፣ ግንቦት 5 ቀን፣ ካርዱን ለመመለስ ልነቅል ስል የአጎቴ ልጅ መጣችና እስቲ አንዴ ልየው አለች። ገጹን ከፈተች፤ ማስጠንቀቂያው መጣ። እኔ አይቼ የምዘጋውን እሷ ቁጭ ብላ አነበበችው።
«‹ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል› ይላል እኮ። ምን ማለት ነው?»

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። 5/9/2012 ይላል። ቀኑ ትክክል ነው፤ ግንቦት 9ኛ ወራችን ነው። ግን ትክክል የሆነው በኛ አቆጣጠር ነው! ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ራሱን ያገኘው በሴፕቴምበር 5፣ 2012፣ ማለትም በኛ ነሐሴ 30 ቀን 2004 ላይ ነው። እውነተኛው ቀን ደግሞ ሜይ 13፣ 2020 ነበር። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ።

ለምን እንደሚያስቸግር ለምናውቀው ግልጽ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ ዲጂታል ምስክር ወረቀት አለው፤ በላዩም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፏል። በ2020 የተሰጠ ወረቀት፣ ራሱን 2012 ላይ ላስቀመጠ ኮምፒውተር፣ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። ስለዚህ በሩን ይዘጋል። በስልኩ ኬብልም በካርዱም ያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ለዚህ ነው። ጥፋቱ ካርዱ ከመሥራቱ በፊትም ከነበረ ጥፋተኛው ካርዱ ሊሆን አይችልም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ረጋ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

«ይሄን ቀን ማነው ያበላሸው?» ብዬ ጮህኩ።
አጎቴ ከኋላዬ «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አለ።

ለካ ደብዳቤ ላይ ቀኑ በራሱ እንዲገባ ብሎ ለዓመታት በኛ አቆጣጠር ሲሞላው ኖሯል። ቀላል ሥራም አልነበረም። የኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ነው፤ የኮምፒውተሩ አንዴ 31 ይሆናል፣ ሁለተኛው ወር ደግሞ በ28 ወይ በ29 ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ መግቢያ ያርመዋል። ጳጉሜን ላይማ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ስለሚል ቀኑን በእስክሪብቶ እየጻፈ እንቁጣጣሽን ይጠብቃል።

ቀኑን ወደ ፈረንጁ ቀየርኩት። ገጹ ተከፈተ። ልጅቷ እልል አለች። አጎቴ ግን አልሳቀም።
«ታዲያ የኛ ቀን ነው ስህተቱ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አይ ጋሼ፣ ስህተት አይደለም፤ እሱ ስለማያውቀው ነው» አልኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባሕረ ሐሳብ ይቆጥርልኝ ጀመር። 5500 እና 2012 ሲደመር 7512፤ በ19 ሲገደፍ 7 ይተርፋል፤ አንድ ስለ ዘመን ሲተው ወንበሩ 6። ስድስት በ11 ሲባዛ 66፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 6። ስድስት በ19 ሲባዛ 114፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 24። «ሁለቱ ሁሌ 30 ይሞላሉ። ከዚህ ተነስተን ነው ፋሲካን ሚያዝያ 11 ያዋልነው። ያንተ ኮምፒውተር ይሄን ማስላት ያቅተዋል?»

አያቅተውም። መግደፍ የሚሉት እኛ በፕሮግራሚንግ ቀሪ ማግኘት የምንለው ነው። በኋላ ሳነብ የባሰውን አወቅሁ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም በብዙ የፕሮግራሚንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ጃቫስክሪፕት ሳይቀር ያውቀዋል። ዩኒክስ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ባለፈ ሰከንድ ነው፤ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ሰከንዱ የማንም አይደለም፤ የፈረንጅም የሐበሻም ቀን የሚሆነው ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው። ሰዓቱ በውስጥ አንድ ይሁን፣ የሚታየው ቀን በየአገሩ ይለያይ፤ ይሄ ቢሟላ አጎቴ ያን ሁሉ ዓመት ባልደከመ።

በዚያው ሳምንት በኤክሴል አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራሁለት። የኮምፒውተሩን ቀን ወስዳ በኛ አቆጣጠር፣ ከነጳጉሜኗ፣ ታወጣለች፤ እሱም ገልብጦ ደብዳቤው ላይ ይለጥፋል። ስሌቷን ያረመልኝ እሱ ነው። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል ረስቼ ነበር።

የቀረው ልጁ ነው። አጎቴ «አንተ ነህ የከሰስከው፣ አንተ ጥራው» አለኝ። ቤቱ ሄድኩ። ከኮሮናው የተነሳ እጅ መጨባበጥ ስለሌለ በሩ ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ «ካርዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ደረሰኙን እኮ የሰጠኋችሁ ለዚህ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ሰላም ነን፤ ዕቃ ግዛልኝ ብዬ ግን ደፍሬው አላውቅም።

አሁን በሁለተኛ ዲግሪ ላይ ሆኜ የተበላሸ ኮምፒውተር ይዘው ሲመጡ ብሎን መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ስክሪኑ ያለውን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ችግሩ መቼ እንደጀመረ እጠይቃለሁ። ካላወቅሁ «አላውቅም፣ ልየው» እላለሁ። ሦስተኛው አሁንም ይከብደኛል። ቸር ይግጠመን።