ተለክቶ የደረቀ ሐይቅ

ማንም ያላየው፣ ማንም ያለካው ሐይቅ ቢደርቅ «አላወቅንም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሐረማያ ሐይቅን ያህል ግን የሚያናድድ የለም። ሐይቁ የደረቀው አፈርና ውሃን፣ መስኖና ሰብልን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስተምር በኖረ የእርሻ ትምህርት ቤት ጎረቤት ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስሙን የሚጠራው በዚያው ሐይቅ ነው።

ጥናት አልጠፋም። ከዙሪያው ኮረብታ ደን ሲመነጠር ደለሉ የት እንደሚወርድ፣ ጥልቀቱ እንዴት እንደሚያጥር፣ የሐረር ከተማና የመስኖ ሞተሮች በአንድ ላይ ሲስቡ ምን እንደሚከተል ተጽፏል። የሐይቅ ተመራማሪው ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰው እጅ ሐይቁን ምን እንዳደረገው አሳይተው ነበር። በዚያን ጊዜ ውሃው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ብዙም ሳይቆይ አልጋው ከብት መዋያ ሆነ።

ገበሬውን መውቀስ ይቀላል። በበጋ ያጠጣ ሰው ጫቱን አወዳይ በደህና ዋጋ ይሸጣል፤ ሽንኩርቱና ድንቹም ገበያ አለው። ውሃው ሲሸሽ ሞተሩን ወደ ውስጥ አስጠጋ፣ ቦይ ቆፈረ፣ በመጨረሻም የሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ አወጣ። እርሱ ቢተው ጎረቤቱ እንደሚስበው ያውቃል። ታዲያ ለሁሉም እኩል «ከዚህ በላይ አይሳብም» ሊል የሚገባው ማን ነበር? ሐይቁ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ውሃውን ትጠጣ የነበረችው ከተማ የሐረሪ ክልል ናት፤ እውቀቱ ያለው በፌዴራል መንግሥት በጀት በሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ቁጥር ላይ ቢስማሙ፣ ስንት ሞተር፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ሰዓት ቢሉ፣ ያ ሁሉ መረጃ ሥራ ላይ በዋለ ነበር። አልተስማሙም። ድርቅ ነው ተባለ። ድርቅ ደግሞ ተከስሶ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

ሐረር ጀሪካን ይዛ ተሰልፋ ቦቴ ጠበቀች። በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከጉድጓድ እየተሳበ በረጅም ቧንቧ ሽቅብ እንዲገፋላት ተደረገ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፦ ሐይቁ እኮ ከከተማዋ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው! ቁልቁል ይመጣ የነበረውን ውሃ አባክነን ቁልቁል ያለውን በኤሌክትሪክ ዳገት እናስወጣለን። ለዚያ የወጣው ገንዘብ የኮረብታውን እርከን ስንቴ ይሠራ ነበር?

ሐይቁ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተመልሷል። በዋናነት ያመጣው ደጋግሞ የዘነበው ከባድ ዝናብ ነው፤ በተፋሰሱ ላይ የተሠራውን ሥራ ባልክድም፣ ያንኑ ሥራ ከሃያ ዓመት በፊት ማን ከለከለን? ውሃው ሲመለስ ሞተሮቹም ዳር ዳሩን ተመልሰዋል። የልኬት ጥናቱም ቀጥሏል።