ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ ጦርነት

እስካሁን ከእናንተ ጋር የተነጋገርነው በአብዛኛው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የግል ልማዴ ላወጋችሁ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ እዚያው ያደርሰናል። በትርፍ ጊዜዬ የጦር አውሮፕላኖችን ሞዴል እገጣጥማለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የተያያዙና ቁጥር የተሰጣቸው ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። በምላጭ ይቆረጣሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፣ በወረንጦ ተይዘው ይጣበቃሉ፣ ከዚያም ቀለም ይቀባሉ። በመጨረሻ የአገሩ ምልክት በውኃ ተነክሮ ክንፉ ላይ ይለጠፋል። በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ 1:72 የሚል መጠን ተጽፏል፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል ማለት ነው። ይህ መጠን የጨዋታ ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት ለይተው እንዲያውቁ የሚሠለጥኑት በዚሁ መጠን በተሠሩ ሞዴሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ የባሕር ኃይል የአገሪቱ ተማሪዎች 500,000 ያህል ሞዴሎችን ከእንጨት ቀርጸው እንዲያቀርቡለት ጠይቆ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1953፣ የእንግሊዙ ኤርፊክስ ኩባንያ የስፒትፋየርን የፕላስቲክ ሞዴል ለገበያ አቀረበ። የጦር ሜዳ ትምህርት መሣሪያ የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ የሳሎን መደርደሪያ ጌጥ ሆነ።

በእኔ መደርደሪያ ላይ ግን ስፒትፋየር የለም። ያሉት ሁለት ናቸው፤ አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 እና ሶቪየት ሠራሹ ሚግ-21። ኤፍ-5ቱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሚጉ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስገጣጥም አንድ ነገር አስገረመኝ። የአሜሪካው ሳይድዋይንደር ሚሳይልና የሶቪየቱ ኬ-13 መንትያ ይመስላሉ። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በ1958 በታይዋን ወሽመጥ ላይ በተደረገ ውጊያ አንድ ሳይድዋይንደር ሳይፈነዳ በቻይና ሚግ-17 አካል ላይ ተሰክቶ ቀረ። ቻይና ለሶቪየት ኅብረት አስረከበችው፤ ሶቪየቶችም አስመስለው ሠሩት። እንግዲህ ሁለት ድሆች አገሮች በኦጋዴን ሰማይ ላይ ሲጋጠሙ የተወራወሩት የአንድ አባት ልጆችን ነበር ማለት ነው።

የዚያን ጦርነት ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ኢትዮጵያ የአሜሪካ፣ ሶማሊያ የሶቪየት አውሮፕላን ይዘው ነበር። ነገር ግን ደርግ ገና በሚያዝያ ወር የአሜሪካንን ወታደራዊ ሚሲዮን ከአገር አስወጥቷል። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። ዓመት ሳይሞላ ጌቶቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሚግ-21 የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ለብሶ ይበር ጀመር። ስለዚህ በመደርደሪያዬ ላይ ያለው ሚግ የነጭ ኮከብ ምልክት ቢለጠፍበትም፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቢለጠፍበትም ታሪካዊ ስሕተት አይሆንም። በገዛኋቸው ሳጥኖች ውስጥ ግን ከሁለቱ የአንዱም ምልክት አልነበረም፤ በእጄ ሥዬ ነው የለጠፍኩት።

በሠፈራችን አንድ ጡረተኛ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን አሉ። አንድ ቀን ቤቴ መጥተው ኤፍ-5ቱን በጥንቃቄ አንሥተው፣ ክንፉንም አፍንጫውንም ሳያዩ ገልብጠው ሆዱን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይኼ በጣም ንጹሕ ነው» አሉኝ። «የእኛዎቹ ሆዳቸው ዘይት በዘይት ነበር።»

«ልቀባው እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቀባው እንጂ። አሜሪካኖቹ መለዋወጫ ከከለከሉን በኋላ አንዱን ፈትተን ለሌላው ነበር የምናለብሰው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አብራሪው ነው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስንፈታና ስንገጥም ማን አየን?»

ከዚያ በኋላ ስለ ጦርነቱ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። እኔም በማግስቱ ሆዱን በጥቁርና በቡናማ ቀለም አቆሸሽኩት።

አብራሪዎቹን ማሳነሴ አይደለም። ጀግንነታቸው የማያጠያይቅ ነው። የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ የጣሉት ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ያህል ማቅቀው የተመለሱት በ1988 ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ ነው። የጠላትን ወረራ የመከተ ሰው ክብር ይገባዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ ስምምነት በኋላ የሆነው ነው። በዚያው በ1988፣ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ራሷን ሐርጌሳን ደበደቡ። ዛሬ በከተማይቱ መሐል በመታሰቢያነት የቆመው ሚግ የዚያ ምስክር ነው። በእኛም በኩል ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የደርግ አውሮፕላኖች በገበያ ቀን ሐውዜንን ደብድበው ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጁ። ለጎረቤት ጠላት ተብለው የተገዙ አውሮፕላኖች፣ ድንበሩ ሰላም በሆነበት ወራት፣ በሁለቱም ወገን ወደ ገዛ ሕዝባቸው ዞሩ።

ይህን የማነሣው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በአገራችን ሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ፣ የተማሩ ወዳጆቼ የድሮኖችን ስምና የበረራ ርቀት እንደ እግር ኳስ ውጤት ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ። የመሣሪያ ፍቅር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የአንድን ጎማ ቀለም ለማስተካከል አንድ ምሽት የማጠፋ ሰው ነኝ። ነገር ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው አውሮፕላን ነዳጅ የለውም፣ ከሥሩም ገበያ የለም። የእነርሱ ጨዋታ ሁለቱም ነበሩት።

ልጆቻችን የጦር አውሮፕላን ቢወዱ አልፈራም፤ ፍጥነትንና ብልሃትን መውደድ የልጅነት ወግ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ አንድ አውሮፕላን ስንነግራቸው ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሸጠው፣ በማን ላይ እንደዘነበም አብረን እንንገራቸው። ማን እንደሸጠው ያልጠየቀ ትውልድ ነገም ገዢ ሆኖ ይቀራል፤ በማን ላይ እንደዘነበ ያልጠየቀ ደግሞ ነገ በራሱ ላይ ሲዘንብ ይደነግጣል።

ቸር ይግጠመን።