የዜማ ዋጋ ወዴት ይሄዳል?

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲያዜም ደስ ያለው ሰው ብሩን በግንባሩ ይለጥፍለታል፤ ገንዘቡ ለማን እንደ ደረሰም በዐይኑ ያያል። በስልክ የሚሰማ ግን ይህን አያይም። ስፖቲፋይ የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን ክፍያ በአንድ ከረጢት ያጠራቅምና፥ ድርሻውን ካነሣ በኋላ የቀረውን እንደ ተደመጡት ብዛት ለየባለመብቱ ያከፋፍላል። ስለዚህ አንድ ሰው ወሩን ሙሉ የዓለሙ አጋን በገና ብቻ ሲሰማ ቢከርም፥ ከከፈለው የሚበዛው እርሱ ከቶ ወዳልሰማቸው ዘፋኞች ይሄዳል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዜማ ከቀረጻው ገንዘብ ምንም አያገኝም፤ ከድኃ ላይ ጥቂቱን መንሣት ምን ዓይነት ቍጠባ ይባላል? እንግዲህ ዜማ ወዳድ በወር ክፍያው ብቻ ዕዳውን የከፈለ አይምሰለው። ቀረጻውን በባንድካምፕ ቢገዛ፥ ገበያው የሚያነሣው ከመቶ 15 ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከመክፈያው ወጪ በቀር የተረፈው ለሻጩ ይደርሳል። ሻጩ ራሱ ባለዜማው መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ግን የገዢው ፋንታ ነው።