ራይት እኩል ይሆናል ቀኝ

የቁይ ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደባይ ጥላትግን ወረዳ። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቃል ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ቃሉ ራይት ነው። ልክ በሆነ መልስ ላይ የሚደረገው ምልክት ራይት፣ በተሳሳተው ላይ የሚሰመረው ኤክስ። ፊደል ያልቆጠሩት እናቱ ሳይቀሩ ደብተሩን ገልጠው ሁለቱን ይለያሉ። «ዛሬስ ስንት ራይት አገኘህ?» ይሉታል እንጀራ እየጋገሩ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ራይት መጣ። መምህሩ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው «ራይት ሃንድ» አሉ፤ ክፍሉ ተከትሎ ጮኸ። ልጁም በደብተሩ የቃላት ገጽ ላይ ራይት ብሎ ጻፈ፣ የእኩል ይሆናል ምልክት አደረገ፣ ቀጥሎ ቀኝ አለ። ለዓመታት ያስቸገረችው ያቺ የእኩል ምልክት ናት። (ጻፍ የሚለው ቃልም በጆሮ ሲሰማ ራይት ነው። እሱን ግን አጻጻፉ ስለሚለይ ቶሎ ተገላገለው።)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሏል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ጂኦግራፊውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ሆነ። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ሠርተው «ራይት አንግል» አሉ። ልጁ ራይት ቀኝ መሆኑን ያውቃል። ቀኝ ካለ ግራ አይጠፋም። ወደ ግራ የሚከፈት ማዕዘን ሠራና «ሌፍት አንግል» ብሎ ጻፈበት። ኤክስ ተደረገበት። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም፤ ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው።

የባሰው የመጣው በሥነ ዜጋ ነው። መጽሐፉ ሰው ሁሉ የሕይወት ራይት አለው ይላል። ተርጉም ተብሎ ሲነሣ «ሰው ሁሉ የሕይወት ቀኝ አለው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ በሌሎቹም ደብተር ላይ ያለው ይኸው ነውና። ደግሞ ልብ ብሎ ላየው ትርጉሙ እብደት አይደለም። እናቱ ጠዋት ከቤት ሲወጡ «በቀኝ አውለኝ» ይላሉ። በመጨረሻው ቀን ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ እንደሚቆሙ በቤተ ክርስቲያን ሰምቷል። የሕይወት ቀኝ ማለት በሕይወት ወገን መቆም መስሎታል። መምህሩ «መብት ማለት ነው» ብለው አለፉ። እሱም ከቀኝ ሥር መብት ብሎ ጨመረ። ጥያቄው ግን ቀረ፦ መብት ከሆነ ለምን ቀኝ ይሉታል?

መልሱን ከትምህርት ቤት አላገኘውም። አጎቱ በወጣትነታቸው ብቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም። አንድ ማታ የቸገረውን ሲነግራቸው ራይት የሚባለውን ነገር ሁሉ አስቆጠሩት፦ ልክ የሆነ መልስ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ማዕዘን፣ መብት፣ ቀኝ እጅ። ትንሽ ዝም አሉና «ይኸማ ርቱዕ ነው» አሉ። በግዕዝ ርቱዕ ማለት ቀጥ ያለ፣ የቀና ነው። ልክ የሆነም ርቱዕ ነው። ፍትሕ ርትዕ ሲባልም ሥሩ ያው ነው።

«እጁስ ጋሼ?»

«እጁንማ ቀናው እጅ፣ ሥራ የሚያቀናው እጅ ብለውት ይሆናላ።»

የእንግሊዝኛውን ቃል ታሪክ ያጠኑ ሰዎችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። ቃሉ የወጣው ቀጥ ማለትን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር ነው፤ ቀኝ እጅም ስሙን ያገኘው ልከኛው እጅ ተብሎ ነው። ፈረንሳዮችም ድሯ በምትል አንዲት ቃል ቀኝን፣ ቀጥ ያለን፣ ሕግንና መብትን ይጠራሉ።

ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ባፈራ አገር ልጅ ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ብቻ ሊቸገር አይገባም ነበር። ኅብር የሚባለው የቅኔ መንገድ እኮ አንዱን ቃል ሰምም ወርቅም አድርጎ ማናገር ነው። ቅኔው ይቅር፤ በአማርኛ ሥዕል ሳለ፣ ቢላ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ልጅ ሳለ እንላለን። ይህንን በእኩል ምልክት የተማረ የለም፤ ከአረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። እንግሊዝኛን ግን እንደ ዋጋ ዝርዝር፣ አንድ ቃል በአንድ ቃል አድርገን እንሰጣለን።

ሕገ መንግሥቱን እንይ። ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ነው። አንቀጽ 106 ደግሞ በቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢመጣ የሚጸናው የአማርኛው መሆኑን ደንግጓል። መንግሥት ራሱ ሲቸግረው ወደ አማርኛው ይመለሳል። አፉን በአማርኛ የፈታው የቁይ ልጅ ግን መብቱን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከዚያም ቀኝ ነው ብሎ ይመለሳል። ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ክርክር ቢያንስ ምክንያት አለው፣ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀዋል። የዜግነት ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ግን ለማን ተብሎ ነው? አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታው ልጅም ዕዳው ያው ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲያመጡ ወሬው ባብዛኛው ስለ ኩረጃ ነበር። ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ፈተናውን ከሠሩት መካከል ስንቱ ጥያቄውን ሳያውቀው ወደቀ፣ ስንቱስ መልሱን እያወቀ ጥያቄውን ማንበብ አቃተው? ይህንን የሚለይ ቁጥር ሲነገር አልተሰማም።

ልጁ ዛሬ ሥራ ይዞ ከቁይ ወጥቷል። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ታናሽ እህቱም ቤት ከዋሉት አንዷ ናት። መንገዱ ተከፍቶ ቤተሰብ ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ደብተሯን ገለጠው። ራይት እኩል ይሆናል ቀኝ። እስክሪብቶ አንሥቶ የእኩል ምልክቷን ሰረዘ። ከላይ ርቱዕ ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ ቅርንጫፎቹን አወረደ።

እናቱ ከምጣዱ አጠገብ ቀና ብለው «ምነው፣ ኤክስ አደረግህባት?» አሉት።

እህቱ ግን ቀጣዩን መስመር እያየች ነበር። «ሌፍትስ? ግራ ነው፤ ደግሞ ትቶ ሄደ ማለት ነው። የሱስ ሥር ምንድን ነው?» አለችው። አጎታቸው ዐርፈዋል። እሱም ለጊዜው መልስ አልነበረውም።